ሰባ ሁለት ምት

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ አንድ እጃቸው ከሆስፒታል አልጋቸው ተንጠልጥሎ፣ ሞተው ተገኙ። ለልብ ድካማቸው ይወስዱት የነበረው ዲጎክሲን በደማቸው ውስጥ ከልክ በላይ መጠራቀሙን ምርመራው አሳየ። የመጨረሻውን ክኒን ያዋጠቻቸው ተለማማጅ ነርሷ ነበረች፤ ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ከትምህርት ቤቱ ትባረራለች። ዓይኗን ከወለሉ ማንሳት ተሳናት።

«ዓይኔ እያየ ገደለችብኝ!» አለች የሟቹ ምራት።

መርማሪው፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማይወድ ሽበታም ሰው፣ ተማሪዋን ወደ መስኮቱ ወሰዳት።

«ሄፓሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ የበዛበትን ሰው በምን ታድኚዋለሽ?»

«በፕሮታሚን።»

«ሌላው ደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪን ቢሆንስ?»

«በቫይታሚን ኬ።»

«ዲጎክሲንስ?»

«የልብን ጡንቻ ያበረታል፤ ምቱን ግን ያዘገያል። ስለዚህ ከመስጠታችን በፊት ሙሉ ደቂቃ እንቆጥራለን፤ ከስልሳ ካነሰ ክኒኑን ትተን ሐኪም እንጠራለን። ማርከሻም አለው... እዚሁ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበር።»

«ማን ቆጠረ?»

«አስተማሪያችን ሲስተር፤ እኛ ከበን እያየን። ሰባ ሁለት አሉ።»

ቀጥሎ ምራቲቱን ጠየቃት።

«ምግብ አስጠላኝ፣ አንሶላው ቢጫ ሆነብኝ ይሉ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ክር ሲመርጡ የኖሩ ሰው! ‹አባባ፣ ዓይንዎም ጡረታ ወጣ?› ብዬ ሳቅሁባቸው።» እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሲስተርን ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

ደረታቸው ላይ የተሰካውን ሰዓት አንስተው ራቅ፣ ቀረብ አደረጉት። «አንቺ፣ ንገሪያቸው እስቲ» አሉ ወደ ተማሪዋ ዞረው።

በመጨረሻ መርማሪው ሁሉንም በባዶው አልጋ ዙሪያ ሰበሰበ። ከኪሱ ሰዓት አውጥቶ ለሲስተር ሰጣቸውና ክንዱን ዘረጋ።

«የእኔን ምት ይቁጠሩልኝ።»

ከንፈራቸው ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። «ሰባ ሁለት።»

መርማሪው ሰዓቱን ተቀብሎ ለሁሉም አሳየ። የሰከንድ ቆጣሪው መርፌ ተነቅሏል።

«ክኒኖቹን አመሳክሬያለሁ፤ ትርፍ የሰጠ የለም፤ መርዝ ያበላም የለም። ኩላሊታቸው ስለደከመ መድኃኒቱ ሳይወጣ ተጠራቀመ። ምግብ የጠላው ሆዳቸው፣ ቢጫ ያየው ዓይናቸው ይህንኑ ይናገሩ ነበር። ልባቸውም እየዘገመ ነበር፤ የቆጠረለት ግን አልነበረም።»

ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ዓይኔ ከደከመ ሰነበተ። ሳይቆጥር የሰጠ ነርስ አይደለም እያልኩ የማስተምር ሴት፣ ተማሪዎቼ ፊት መነጽር ማድረግ አሳፈረኝ።»

«አንቺ አትባረሪም» አላት መርማሪው ተማሪዋን። ይህን ስትሰማ ፊቷ ይበልጥ ነደደ። «ግን ውሃ ስታጠጫቸው እጃቸውን ይዘሽ እንደነበር ምራታቸው ነግራኛለች።»

«ምታቸው ቀስ ይል ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ጣቴ የተሳሳተ መሰለኝ... አይ፣ አልመሰለኝም። አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ፣ ልጄ?» አሉ ሲስተር።

«በሰው ፊት እንዳላሳፍርዎት ብዬ።»

ምራቲቱ አልጋው ላይ የተነጠፈውን አንሶላ በመዳፏ ዳበሰች። ነጭ ነበር።