ጡሩምባው ያልጮኸበት ዓርብ

«ክቡራትና ክቡራን የሸዋ ሮቢት ነዋሪዎች፤ ከአቶ ይልማ ጣሪያ ላይ ሆኖ ከተማችንን በትጋት ሲያገለግል የኖረው ጡሩምባ ከዛሬ ጀምሮ በክብር ጡረታ የወጣ መሆኑን በታላቅ ደስታ እናበስራለን።»

ይህ አዋጅ ባጃጅ ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ከተማውን ሲዞር ዋለ። ለጡሩምባው የፕላስቲክ አበባ ተጠለቀለት፤ የምስጋና ወረቀትም ተነበበለት። ንግግር እንዲያደርግ ብቻ አልተጋበዘም። በቦታው «ሮቢት ስማርት» የሚባል የስልክ መተግበሪያ ተሾመ፤ ጎርፍ ሲመጣ ለሕዝቡ በየስልኩ እንዲነግር።

በልግ ገባ። አንድ ዓርብ ቀን ደብረ ሲና ላይ የወረደው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ቁልቁል ተንደርድሮ መጣና የሽንኩርት ማሳ የውሃ ሞተር ጠባቂውን ሙዐዊያን በወንዙ አሸዋ ላይ እንደተኛ ወሰደው። ሸዋ ሮቢት ላይ ጠብታ አልወረደም፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። አስከሬኑ ከከተማው በታች ግራር ሥር ተወትፎ ተገኘ። በማግስቱ ቀብሩ ላይ፣ ሰዉ እጁን ለዱዓ እንደዘረጋ፣ ያለው ስልክ ሁሉ ባንድ ላይ ጮኸ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ጎርፍ ሊከሰት ስለሚችል ወንዝ ዳር እንዳይሄዱ። መልካም ቀን።»

ኢንስፔክተር ኑርሃን ስልኳን አጥፍታ ኪሷ ከተተች። የይፋት ቆላ ልጅ ናት፤ ጎርፍ ከጠራ ሰማይ እንደሚመጣ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው። የከነከናት የጡሩምባው ዝምታ ነበር። ጡረታ ቢወጣም ጋሼ ይልማ አልነቀሉትም፤ ከሹመቱ በኋላም ጎርፍ በመጣ ቁጥር ሲጮህ ሰምታዋለች። ብታስጠይቅ «ሽቦው ተቆርጧል» ተባለች።

ከተማው ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል። ቆራጯ ጎረቤቲቱ የአልጋ ቤት ባለቤት ወይንሸት ናት። «ይህን ጡሩምባ አንድ ቀን እቆርጠዋለሁ» ስትል ያልሰማ የለም። የኑርሃን አለቃም ነገሩ ካልጠራ ወይንሸት ማታ ጣቢያ እንደምታድር ወስኗል።

«ብያለሁ፤ አልክድም» አለች ወይንሸት። «እንግዳዬ በጡሩምባ እየባነነ ሌሊት ሻንጣውን ሲሸክፍ ምን ልበል? የቆረጠው ግን አፌ ነው እንጂ እጄ አይደለም።»

ኑርሃን ግቢው ውስጥ ባዶውን የልብስ ገመድ አየች። «እትዬ ወይንሸት፣ ዓርብ አንሶላ አስጥተው ነበር?»

«አስጥቼ ወዲያው አነሳሁት።»

«በዚያ ፀሐይ?»

«የጋሼን መስኮት አይቼ ነዋ። ያቺን ሽቦ ጠርሙስ ውስጥ ሲከቷት ካየሁ አነሳለሁ። ከሜትሮሎጂ እሳቸው ይሻሉኛል። ያን ቀን ግን ዝናቡ እዚያው ደጋው ላይ ቀረ፤ በከንቱ ደከምኩ።»

የመተግበሪያው ኃላፊ ሙሉቀን በዚያ ሙቀት ከረባት አስሮ ተቀበላት።

«መልእክቱ ተልኳል» አለ።

«ቀብር ላይ ደረሰ።»

«መድረሱን ማመንዎ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሲስተሙ ወረፋ ይዞ ነበር።»

«ሟቹ የነበረው የቁልፍ ስልክ ነው። ወረፋው ቢደርስም እሱ ዘንድ አይደርስም።»

«ያ እንግዲህ የተጠቃሚ ችግር ነው።»

«የጡሩምባውን ሽቦ አስቆርጠዋል?»

«እኔ? ጋሼ ይልማ ቤት እኮ የቱ ሽቦ እንደሚገድል አይታወቅም። አንድ ጊዜ ሻይ ጋብዘውኝ ቆሜ ነው የጠጣሁት።»

የሟቹ ሚስት መሊካ ብዙ አልተናገረችም። «ዓርብ ጁምዓ አይቀርም ነበር። ያን ቀን ሞተሩ ተበላሸበትና ቀረ። ጡሩምባው ካልጮኸ ሰላም ነው ብሎ አሸዋው ላይ ጋደም ይላል። ከእኔ ቃል ይልቅ ያንን ጡሩምባ ነበር የሚያምነው።»

ጋሼ ይልማ ኑርሃንን ሬድዮና ባትሪ ከሞላው ክፍላቸው አስገቧት። በወጣትነታቸው ኮምፒዩተር አንድ ክፍል በሚሞላበት ዘመን ለባንክ ፕሮግራም ይጽፉ ነበር፤ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሲገቡ የሬድዮ ፍቅራቸውን ይዘው መጡ። ሲያስረዱ ዓይናቸው ይበራል።

«መብረቅ ሲበርቅ ሬድዮው ይንኮሻኮሻል። እዚህ ሰማዩ ቢጠራ እንኳ ከደብረ ሲና በላይ የጣርማ በርን መብረቅ እሰማዋለሁ። የጻፍኩት ፕሮግራም ቀላሉን ከከባዱ ይለያል። ከባድ ከሆነ ራሱ ጡሩምባውን ይነፋል።»

«ዓርብስ?»

«ጓዳ ተኝቼ ነበር፤ ማሽኑ ሥራውን ያውቃል ብዬ። ሽቦውን የቆረጠው ይጠየቅ።»

ኑርሃን ቀና ብላ አየች። ሽቦው የተቆረጠው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከጠረጴዛው በላይ ነው። ጫፉ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል።

«በመተግበሪያው ተቀይመዋል ይባላል፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ እኛ ስንጀምር ማሽን ከተሳሳተ የጻፈው ሰው ተጠርቶ ይቆም ነበር። ዛሬ የሚቆም የለም፤ ‹ሲስተም የለም› ይሉሻል። ያቺን ቃል ያስተማርናቸው ደግሞ እኛው ነን። ላንዲት ቀን ማምለጫ ብለን ጣልናት፣ አገሩ አንስቶ ኖረባት። ዕድሜዬን ሙሉ አስረዳሁ። ለሚኒስትር አስረዳሁ፣ ለዘበኛ አስረዳሁ። ያጨበጭባሉ እንጂ አይሰሙም።»

«ምን ቢሆን ይሰሙ ነበር?»

ጋሼ ይልማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አንዳንዱ ጎርፍ ካልመጣበት አይሰማም» አሉ።

አመሻሹ ላይ ኑርሃን ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። ሙሉቀን ከሽቦዎቹ ርቆ በሩ ላይ ቆመ። ወይንሸት ለጣቢያው ብላ ጋቢ ይዛ መጥታለች። መሊካ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

«ከቁራጩ እንጀምር» አለች ኑርሃን። «በንዴት ሽቦ የሚቆርጥ ሰው ቆርጦ ይሮጣል። ይኼኛው ግን ቆርጦ ሲያበቃ ጫፉ ሌላ ሽቦ እንዳይነካ ናስትሮ ጠቀለለበት። እጁ ራቁት ሽቦ ትቶ መሄድ አይችልም።»

«ኤሌክትሪሺያን ልኬ ቢሆንስ?» አለ ሙሉቀን፤ ከዚያ ላብ አጠመቀው። «ማለቴ፣ አልላክሁም።»

«አልላኩም። ጋሼ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ጠርሙስ ለምንድን ነው?»

የጋሼ ይልማ ዓይን እንደ ልማዱ በራ። «እሱማ የድሮ የሬድዮ ሰዎች ዘዴ ነው። መብረቅ በአንቴናው ገብቶ ሬድዮውን እንዳያቃጥል ሽቦውን ነቅለሽ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ትከቻለሽ። መስታወት ኤሌክትሪክ አያሳልፍማ።»

«መቼ ነው የሚከቱት?»

«ማዕበሉን እንደሰማሁ። ጡሩምባው ይጮሃል፣ እኔ እነቅላለሁ። አንድም ቀን ረስቼ…»

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ጠርሙሱን አዩ። 

«ዓርብም አልረሱም» አለች ኑርሃን። «እትዬ ወይንሸት ጠርሙሱን አይተው አንሶላቸውን አነሱ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ጓዳ የተኛ ሰው መብረቁን ከየት ሰማው? እርስዎ እዚህ ወንበር ላይ ነበሩ። ሬድዮው ሲንኮሻኮሽ ጡሩምባው ከመጮሁ በፊት የጡሩምባውን ሽቦ ቆረጡ። ቆራጩ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ማዕበሉን ሰምተው ጡሩምባው ዝም ሲል ወጥተው ይጮሁ ነበር። አልጮሁም። ሬድዮዎን ግን ከመብረቅ አዳኑ።»

ጋሼ ይልማ ወደ ቁራጩ ሽቦ አላዩም።

«ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ወንዙ ባዶ ነው። ጎርፉ ሰው ሳይነካ ያልፋል፣ ስልኩ ዝም ይላል፣ ከተማውም መተግበሪያው ባዶ እንደሆነ በዓይኑ ያያል። እንዲህ አስበው ይሆናል። የማስበውን ነው የምናገረው፤ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

«ስለዚህ» አለ ሙሉቀን ከበሩ፣ «መተግበሪያው ነጻ ነው ማለት ነው?»

ወይንሸት ጋቢዋን እቅፍ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። «እኔም አንሶላዬን አነሳሁ» አለች ቀስ ብላ። «አይቼ፣ አንሶላዬን ብቻ አነሳሁ።»

መሊካ ተነስታ ጠረጴዛው ድረስ መጣች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ጋሼ፣ እሱ ይወድዎ ነበር። እዚያ ሰው የለም ብለው ነው አይደል? ይህችን ብቻ ይንገሩኝና ልሂድ። ልጆቼም ሲጠይቁኝ የምላቸው አገኛለሁ።»

ዕድሜ ልካቸውን ሲያስረዱ የኖሩት ሰው አፋቸውን ከፈቱ። ክፍሉ ጠበቀ፤ ኑርሃን ሳትቀር አንገቷን አሰገገች። ጋሼ ይልማ ከወንበራቸው ተነስተው ፊቷ ቆሙ።

«አላብራራም» አሉ።