በጋዋን ኪስ የተረሳች መርፌ

ዶክተር ኒቆዲሞስ ሐረር ውስጥ የተመሰገነ ሐኪም ነው፤ ከሶፊ ገጠር ድረስ ስሙን ጠርተው የሚመጡ ገበሬዎች አሉ። ግን አንድ ክፉ አመል አለበት። ደም የቀዳበትን መርፌ በሁለት እጁ ይከድንና ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። የመርፌ መጣያው ሳጥን ከኮሪደሩ ጫፍ ስለሆነ፣ "በኋላ እጥለዋለሁ" ይላል። ይህች "በኋላ" የምትባል ቃል ስንቱን ጉድ አድርጋለች!

አብራው የምትሠራው ወጣቷ ዶክተር ሊድያ ነግራ ነግራ ታክቷታል።

"ዶክተር፣ ሳጥኑን ይዘን እንዙር አልኩዎት እኮ! ያገለገለ መርፌ አይከደንም፤ ኪስም አይገባም።"

"ስንት ዘመን ስከድን ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ወግቶኝ ያውቃል?"

"እርስዎን ባይወጋ ሌላ ሰው ይወጋል።"

"እሺ፣ የኔ መምህርት!" ብሎ ሳቀባት። ሊድያ ንድድ ብሏት ወጣች።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፈላና በር ከሚባለው የከተማዋ በር አጠገብ ባለው ቤታቸው፣ የሚጠባ ሕፃን ያላት ሚስቱ ለተማርያም ጋዋኑን ልትዘፈዝፍ ኪሱን ስትፈትሽ ጮኸች። ክዳኑ የወለቀ መርፌ መዳፏ ላይ ተሰክቷል። ኒቆዲሞስ ሮጦ እጇን በውሃና በሳሙና አጠበላት።

"የማን ደም ነው?" አለችው።

ትናንት ከብዙ ሕመምተኞች ደም ቀድቷል። መርፌ ላይ ደግሞ ስም አይጻፍም።

"አላውቅም" አላት።

"ሐኪሙ አንተ አይደለህም እንዴ? ልጁ እያለቀሰ ነው፤ ጡት ላጥባው ወይስ ልተወው?"

በንዴት የራሱን ግንባር መታ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ለሊድያ ሲደውልላት አልወቀሰችውም፤ "አሁኑኑ ይዘዋት ይምጡ፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ቶሎ መጀመር አለበት" አለችው ብቻ።

ሰኞ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። አንዱ ሐኪም "ሳጥኑም እኮ ሩቅ ነው" ብሎ አጉረመረመ።

"እኔስ መርፌውን ቤቴ ድረስ ተሸክሜው ሄድኩ አይደል?" አለ ኒቆዲሞስ ቱግ ብሎ። "ከዛሬ ጀምሮ ሳጥኑ አብሮን ይዞራል። መርፌ ስከድን ያየኝ ሰው ሕመምተኛ ፊትም ቢሆን ይቆጣኝ!"

ሐኪሞቻችን ሆይ፣ የወጋችሁበትን መርፌ ሳትከድኑ፣ ራሳችሁ፣ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ጣሉ። ለሌላ ሰው አታስተላልፉት።

የለተማርያም የመጨረሻ ምርመራ ገና ወራት ይቀረዋል፤ እስከዚያ ጡት ማጥባት ትታለች። ሕፃኑ የጣሳ ወተት አልጥም ብሎት ያለቅሳል፤ እሷም አብራው ታለቅሳለች። ኒቆዲሞስ መድኃኒቷን ሲያቀብላት፣ "ይቅር በይኝ" አላት።

"ውጤቱ ይምጣና እንነጋገራለን" አለችው።