ሳይገላበጥ ያደረው እንቁላል

እንቁላል ጠባቂው ማሞቂያ ክፍሉ ውስጥ ማጅራቱን ተመትቶ በደረቱ እንደተደፋ ተገኘ። ለክትባት ፋብሪካው መንግሥት በጀት ይስጥ አይስጥ የሚወስኑት ባለሥልጣናት የመጡት በዚያው ጠዋት ነው። ሬሳውን በአንሶላ ሸፍነው፣ እዚያው በር ላይ እንግዶቹን ሻይ ያጠጧቸዋል። መርማሪዋ ስትደርስ ያገኘችው ይህን ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጣቱን የቀሰረው እጇ ታስሮ ጥግ በቆመችው አሮጊት የጽዳት ሠራተኛ ላይ ነው።

«ሲነጋ እንቁላሉን ሁሉ አገላብጦ ሲጨርስ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ገላው ገና ትኩስ ነው፤ ይንኩት።»

«እኔ ዝንብ ገድዬ አላውቅም፣ ልጄ» አለች አሮጊቷ።

«እሱማ ያስታውቃል፤ የጠረግሽው ክፍል ሁሉ ዝንብ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መርማሪዋ የፋብሪካውን ኬሚስት ይዛ ገባች። ሙቀቱ ገና ከደጃፉ ቀሚሷን ከጀርባዋ ጋር አጣበቀው።

«እንቁላሉ ላይ ያለው መስቀል ምንድን ነው?»

«የእርሳስ ምልክት ነው። ባንዱ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ። ትናንት ማታ ከሟቹ ጋር መስቀሉን ወደ ላይ አድርገን ነው የተለየሁት። ሲነጋ ሲገላበጥ ክቡ ይወጣል።»

«ከሟቹ ጋር ትጣላላችሁ አሉ።»

«እንከራከራለን። እኔ ከውጭ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። እሱ ‹በሰው ደጅ ተሰልፈን ልጆቻችን አለቁ› ይለኛል።»

አንዱን እንቁላል ወደ መብራቱ አነሣችው። እንደ ውኃ የጠራ ነው።

«ስንት ቀን ሞቀ?»

«ሰባት» አለ ኬሚስቱ፤ ድምፁ ወረደ።

ወጥታ ሰዎቹን ሁሉ በር ላይ ሰብስባ መናገር ጀመረች።

«ክትባቱ የሚበቅለው ጫጩት በያዘ እንቁላል ውስጥ ነው። ሰባት ቀን የሞቀ ደም ሥር ያሳያል። ይህ ግን አውራ ዶሮ ያላየ፣ ተጠብሶ የሚበላ እንቁላል ነው። ማን አቀረበው?»

«የሥራ አስኪያጁ ወንድም» አለ ኬሚስቱ።

«ሟቹ ይህን ደርሶበታል፤ ለእንግዶቹ እንዳይናገር ነው የተገደለው። አሁን ወደ ሰዓቱ። ጌታው፣ ሲነጋ አገላብጦ ሲጨርስ አየሁ ብለዋል። እኔ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ሁሉም መስቀል ነው፣ ክብ የሚባል የለም። ሰውዬው ሳይነጋ ሞቷል። ያ ክፍል እንኳን ሬሳ ድንጋይ ያሞቃል። ሌሊቱን ግቢው ውስጥ ያደራችሁት እርስዎና እሱ ብቻ ናችሁ፤ ከውጭ በሩን ሲጠብቅ ያደረው ዘበኛ ነግሮኛል። እማማ የገቡት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው። ፍቷቸው።»

ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገ። «ይህ ከተሰማ በጀቱ ይቀራል። ስለ ሕፃናቱ ብላችሁ...»

ስለ ሕፃናቱ፣ በዚያ አፉ።

አንዱ ባለሥልጣን ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲያውስ ከውጭ መግዛቱ ሳይሻል አይቀርም።»

አሮጊቷ ገመድ የበላውን እጇን እያሸች ቀና አለች። «ሌባ ገባ ተብሎ ቤት ይፈርሳል? ሌባው ይወጣል እንጂ። በጀቱን ስጡ፤ ግን ሰጥታችሁ አትተኙ።»

ፖሊሶች ሥራ አስኪያጁን ይዘው ሲያልፉ አጠገቧ ቆመ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ቀሚሷን ሰበሰበች። «ዘወር በል። ሠላሳ ዓመት ቆሻሻ ስጠርግ እንዳንተ ያለ አልገጠመኝም።»