ሰማያዊውን አትንኪ

ይህን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ "ሂድ ወዲያ፣ ሌላ ሞኝ ፈልግ" ብዬ አባርረው ነበር።

ግን የደረሰው በእኔ ነው። በእነዚህ ሁለት እጆቼ።

ወሩ የካቲት፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ገደማ። ቦታው ዊስኮንሲን፣ ሐይቁ ዳር ያለው የእትዬ አርዲስ ምድር ቤት። በትንሿ መስኮት ፀሐይ ትገባለች። ጨለማ ነበር ብዬ ማመካኘት አልችልም...

የእትዬ አርዲስ ባል ሎዌል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያ ምድር ቤት የጨዋታ መጻሕፍት ያሳትም ነበር። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ የሚሉትን ባለቁጥር ጠጠር እየወረወሩ፣ አንዱ ጦረኛ አንዱ ጠንቋይ እየሆነ በምናብ ዋሻ ለዋሻ የሚዞሩበት ጨዋታ ነው። ያኔ ጨዋታውን የሚያውቀው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

የድሮ ወዳጄ ቬርን በእነዚያ መጻሕፍት ነው ያደገው። ጡረታ ሲወጣ "ጨርሰው ሳይጠፉ እንደገና ላሳትማቸው" ብሎ ተነሳ። ገጾቹ ተለጥፈው ለማተሚያ ፎቶ የሚነሱባቸውን ካርቶኖች ግን ሻጋታ በልቷቸዋል። ጽሑፉ የተለጠፈበት ሰም ደርቆ ይረግፋል። እኔን የጠራኝ እንዳጸዳቸው ነው። ዕድሜዬን የልብስ ንጽህና መስጫ ውስጥ ነው የፈጀሁት፤ እድፍ አያመልጠኝም።

ትምህርት ግን አልገፋሁም። ሰው ሲያነሳብኝም አልወድም።

የዚያን ቀን እትዬ አርዲስ ደረጃው ራስ ላይ ቆመው፣

"ማርሊስ፣ ሰማያዊውን አትንኪ" አሉኝ።

"አውቃለሁ" አልኩ።

ቬርን ሳቀ። "ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አንተ ሳትወለድ ጀምሮ!"

"እኔ እኮ እበልጥሻለሁ፣ አንቺ ግትር!"

ሦስታችንም ሳቅን።

አላውቅም ነበር። መጠየቅ አፍሬ ነው። ጥግ ላይ ሰማያዊ ክዳን ያለው ሳጥን ነበር... እሱን መሰለኝ። ሳጥኑን ሳልነካ ሥራዬን ቀጠልኩ።

የዋሻው ካርታ ያለበትን ካርቶን አወጣሁ። ከታች፣ የመጨረሻው ክፍል ውስጥ፣ የሳሳ ውሃ ሰማያዊ ነገር አለ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ጠረጴዛ ፊት የተቀመጠ ልጅ ይመስላል።

የሆነ ሰው ሞነጫጭሮት ነው አልኩ። ላጲስ አነሳሁ።

ቶሎ ለቀቀ። ቶሎ መልቀቁ አላማረኝም... ታስሮ የኖረ ነገር ስትፈታው እንደሚሄደው።

የላጲሱን ፍርፋሪ በእጄ ጠረግኩ።

እርጥብ ነበር።

የሚቀጥለውን ካርቶን ሳብኩ። ከዚያ በላይ ያለው የዋሻው ፎቅ ነው። ጠዋት አራግፌ ያስቀመጥኩት ነው፤ ባዶ ነበር። አሁን መተላለፊያው ላይ ልጅ ቆሟል።

ያው ልጅ...

ሦስተኛውን አየሁ። ልጁ ደረጃው ሥር ደርሷል። ፊቱን ወደ ላይ አዙሯል።

"ቬርን..." አልኩ በሹክሹክታ። "ይሄ ሰማያዊ ምንድነው?"

"አውቃለሁ አላልሽም?"

"ተው አሁን!"

ስካነሩ ላይ እንዳቀረቀረ መለሰልኝ። "የድሮው የማተሚያ ካሜራ ውሃ ሰማያዊ አያይም። እንዳይታተም የፈለጉትን ነገር በዚያ እርሳስ ይጽፉታል። ሎዌል ደግሞ..." ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጃቸውን ዴልን ሣለበት። የሐይቁ በረዶ ከድቶት የሰጠመውን። መጨረሻው ክፍል ውስጥ አስቀመጠው። መጽሐፉ ውስጥ አለ፣ ግን ገዢ አያየውም። እትዬ አርዲስ እሑድ እሑድ ወርደው እሱን ነው የሚያዩት። ማሳተሙን የፈቀዱትም ልጁን ሳንነካ እንድንመልስላቸው ነው።"

ፊቴ ነደደ።

"ምነው ቀላሽ?"

"ማሞቂያው ነው።"

"ማሞቂያው እኮ ተበላሽቷል።"

ሳጥን ሊያመጣ ወደ መኪናው ወጣ። ያን ጊዜ ልነግረው ይገባ ነበር... እኔ ግን ከሎዌል ጠረጴዛ ውሃ ሰማያዊውን እርሳስ አነሳሁና የደመሰስኩት ቦታ ላይ ልጅ ሣልኩ።

መሣል አልችልም። ራሱ ድንች አከለ። አንድ እጁ ረዘመ።

የሰው ልጅ አጥፍቼ ድንች ተካሁ።

ቀና ስል እትዬ አርዲስ አጠገቤ ቆመዋል። ሲወርዱ አልሰማኋቸውም። ካርቶኑን አዩት... አዩት...

"ይሄ ማነው?"

"ዴል ነዋ፣ እትዬ።"

"ነክተሽዋል?"

"ኧረ አልነካሁም።"

እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ።

ያኔ ከላይ፣ ከወጥ ቤቱ... ጠብ... ጠብ... የረጠበ እግር ተራመደ። ወንበር ተሳበ።

"ቬርን ነው" አልኩ።

እትዬ አርዲስ በጣታቸው መስኮቱን አሳዩኝ። የቬርን እግር ከነቦት ጫማው ይታያል፤ ውጭ በረዶው ላይ ቆሟል።

ከራሳችን በላይ ዳይስ ጠረጴዛ ላይ ተንከባለለ።

"ዴልዬ?" አሉ አሮጊቷ። መደገፊያውን ይዘው ደረጃውን ወጡ።

ብዙ ቆይቼ ተከተልኩ።

ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። ከመቀመጫው ውሃ ይንጠባጠባል። ቤቱ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል።

"እሷ ናት" አሉት ወንበሩን። "አትቆጣት፣ ልጄ። 'አላውቅም' ማለት ይከብዳታል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ነክቼዋለሁ" አልኩ። "እድፍ መስሎኝ... ከዚያም ዋሸሁ። ይቅር በሉኝ።"

ዳይሱ፣ ማንም ሳይነካው፣ ተንከባሎ መጥቶ እኔ ፊት ቆመ።

እትዬ አርዲስ ቀና ሳይሉ፣

"ተራው ያንቺ ነው" አሉ።

አነሳሁት። እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። አገላበጥኩት...

ቁጥር የለውም። ጎኑ ሁሉ ልሙጥ ነው።

አንደኛው ጎን ላይ ብቻ፣ በውሃ ሰማያዊ፣ አንዲት ሴት ተስላለች። ራሷ ድንች ያክላል። አንድ እጇ ረዝሟል።

በረዘመው እጇ ላጲስ ይዛለች።