የእናቲቱ ወፍ ዓይን

በሰንበላ መንግሥት ጉም የከተማዋን በር አልፎ አያውቅም ነበር። በዚያ ማለዳ ግን አለፈ።

ጉሙን በጩኸቷ እንድትመልስ ከበሩ አናት ላይ የተሰቀለችው የእንጨት ወፍ፣ ሕዝቡ እናቲቱ ወፍ የሚላት፣ ክንፏን አላራገበችም፤ አልጮኸችም። በወርቅ ቅብ አጊጣ ዝም አለች። በጉሙ ውስጥ የሚኖረው አውሬ፣ ጉምዘር፣ ሦስት የበር ጠባቂዎችን በምላሱ ዳስሶ ከከተማዋ ማዶ ወዳለው ገደሉ ተመለሰ። ጉምዘር ሥጋ አይበላም፤ የሚበላው ስም ነው። የነካው ሰው የራሱንም የልጁንም ስም ይረሳና እንደ ፈዘዘ ይቀመጣል። አንዴ የቀመሰውን ከተማ ደግሞ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ጠራርጎ ይውጣል።

ንግሥት ሳርዋ እንጨት ጠራቢዎቿን አስጠራች። ወፏን የሠራት ባልካ ነበር፤ እጁ የተባረከ፣ ወሬው ግን ትንሽ የበዛ ጎልማሳ። ከጎኑ አያ ዘንገላ ቆመዋል። በሰንበላ ቤቶች ሁሉ ደጃፍ ላይ ያሉትን ትናንሽ ወፎች የጠረቡት እኚህ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። አሮጌዋ እናት ወፍ በምስጥ ተበልታ ስትወድቅ ሥራው ለባልካ የተሰጠው የእርሳቸው እጅ ይንቀጠቀጣል ተብሎ ነው። ቅር ብሏቸው ነበር፤ ለምን ይዋሻል።

«ዓይኗን የት ሆነህ ከፈትክላት?» ሲሉ ጠየቁት።

ባልካ አንገቱን ደፋ። «ጎጆዬ ውስጥ፣ አያ። ግርማዊት ተሠርታ ያለቀች ወፍ እንዲያዩ ብዬ ቸኮልኩ።»

አያ ዘንገላ ግንባራቸውን መቱ። የወፍ ዓይን የሚቀረጸው መጨረሻ ላይ፣ ወፏ በምትጠብቀው ቦታ ከተሰቀለች በኋላ ነው። ወፍ ዓይኗ ሲከፈት ያየችውን ትጠብቃለች፤ ሌላ አታውቅም።

«እንግዲህ ደስ ይበልህ! ጎጆህን ጉምዘር አይደፍራትም፤ ከተማዋ ግን ባዶ እጇን ቀርታለች» አሉት።

አንዴ የተከፈተ ዓይን ዳግም አይከፈትም። አዲስ ወፍ ያስፈልጋል፤ ለእናት ወፍ የሚሆነው ዋንዛ ደግሞ የሚበቅለው ከጉሙ ገደል ማዶ፣ በጋርዳ ተራራ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ከሦስቱ ጠባቂዎች የአንዱ ልጅ ኤልማና ጦሯን ይዛ ከዙፋኑ ፊት ተንበረከከች።

«ግርማዊት ሆይ! አባቴ ዛሬ አየኝና ‹ልጅቷ የማን ናት?› አለ። ስሙን ሳልመልስለት ጦሬን ከእጄ አላወርድም፤ ተቀምጬም ውሃ አልጠጣም!»

«ውሃውን እንኳ ተቀምጠሽ ጠጪ፣ ልጄ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ አያ ዘንገላ። «እኔም እመጣለሁ። እንጨቱን ማመስገን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሻል።»

ባልካም ከኀፍረቱ ብዛት ተከተላቸው። ሽማግሌውን በየዳገቱ በጀርባው አዘለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ወሬ አጠረው።

በሦስተኛው ቀን ከዋንዛዋ ሥር ደረሱ። አያ ዘንገላ ነጠላቸውን አጣፍተው ግንዷን በመዳፋቸው ዳበሱ። «ስላደግሽ እናመሰግናለን፤ ዝናቡን ስለታገሥሽ እናመሰግናለን፤ ለምትሰጭን እናመሰግናለን» አሉና ምሳራቸውን መሬት አስቀመጡ። የሰንበላ ጠራቢ ካመሰገነ በኋላ ቅጠል በራሱ ፈቃድ እስኪወድቅ ይጠብቃል። ቅጠሉ የዛፉ እሺታ ነው። ቅጠሉ ግን አልወደቀም። ጉሙ ከገደሉ መነሣት ጀመረ።

«አያ፣ መጣ! ይቁረጡ እንጂ!» ጮኸች ኤልማና።

«በስርቆት እንጨት የተሠራ ወፍ ሌባ አያባርርም፣ ልጄ። አውሬውን ትንሽ ያዥልኝ!»

ያዘችላቸው። ጉምዘር ቁመቱ የዛፍ ያህል፣ ዓይን የለሽ፣ ረጅም ግራጫ ምላሱን እያወናጨፈ ሲመጣ ጦሯን ጉሮሮው ውስጥ ሰካች። ምላሱ ክንዷን ላሰው። ባልካ «ኤልማና! ኤልማና!» እያለ ቢጣራም የማንን ስም እንደሚጠራ አላወቀችም። መሐላዋን ግን አልረሳችም፤ ጦሩን ነቅላ ደግማ ወጋችው፤ ከፊቱም አልተነቃነቀችም። ያኔ አንዲት ቢጫ ቅጠል በአያ ዘንገላ ትከሻ ላይ አረፈች። ምሳሩ ተነሣ። ቅርንጫፉ እንደተቆረጠ፣ በፈቃድ የተሰጠ እንጨት ያስፈራዋልና፣ አውሬው እየጮኸ ወደ ገደሉ አፈገፈገ።

በመልሱ መንገድ ሽማግሌው ባረፉበት ሁሉ ጠረቡ። ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ መሮው እንጨት ሲነካ ይረጋ ነበር። ባልካ ዐየና አለቀሰ።

በሰባተኛው ቀን ማለዳ አዲሷ ወፍ ከበሩ ላይ ተሰቀለች። ጉሙ ከማዶ እየመጣ ነው። አያ ዘንገላ መሰላሉ ሥር ባልካን ጠጋ አሉት።

«ይህን መምህሬ ለእኔ ብቻ ነግሮኛል፤ አንተም ያዘው። ወፍ ማየት የምትችለው ዓይኗን ከሚከፍትላት ሰው የዓይን ብርሃን ወስዳ ነው። ጎጆ የምትጠብቅ ጥቂት ትወስዳለች፤ አይታወቅህም። ከተማ የምትጠብቅ ግን ሁሉንም ትወስዳለች።»

ባልካ መሮውን ያዘ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ልውጣ፣ አያ!»

«አንተን ገና ስንት ሕፃን የሚወለድበት ቤት ለደጃፉ ወፍ እንድትጠርብለት ይጠብቅሃል። እጅህን አንሣ።»

ወጡ። መፍራቱንስ ፈርተዋል። የእንጨት መስመሮችን መልክ፣ የማለዳ ብርሃን በመላጊያ ፍቅፋቂ ላይ ሲያርፍ ማየት፣ ይህን ሁሉ ይወዱት ነበር። ነገር ግን ከሰማንያ ከምናምን ዓመት በፊት እዚሁ በር ሥር የተጣለ ሕፃን ተገኝቶ ነበር። ጠባቂዎቹ አነሡት፤ ሰፈሩ በየተራ አጠባው፤ ዘንገላ የሚለውን ስምም ከተማው አወጣለት። ፊታቸውን ወደ ሰንበላ መለሱ። ጣሪያዎቹን፣ ጭሱን፣ ከታች ያለውን ሕዝብ አንድ በአንድ አዩ። «ስለ ሁሉም ተመስገን» አሉና መሮውን መቱ።

ወፏ ጮኸች። ጩኸቷ ገደሉን ሞላው፤ በየደጃፉ ያሉት ወፎችም ተቀበሏት። ጉምዘር በወፏ ጩኸት ተሰነጣጥቆ በነነ፤ የዋጣቸው ስሞችም ወደ ባለቤቶቻቸው ተመለሱ።

አያ ዘንገላን ባልካ ከመሰላሉ አወረዳቸው። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ የሚያየው ግን የለም። ሕዝቡ ነገሩ ገባው። ከዚያ ኤልማና ቀርባ እጃቸውን ሳመች።

«አያ፣ እኔ ኤልማና ነኝ» አለች።

ቀጥሎ አባቷ መጣ፤ «አያ፣ እኔ ጋሽመር ነኝ» አለ። ከኋላው ጋጋሪዋ፣ ሸማኔው፣ ንግሥቲቱም ሳትቀር ተሰለፉ። እያንዳንዱ እጃቸውን እየሳመ ማን እንደሆነ ነገራቸው። ሰልፉ እስከ ቀትር ዘለቀ። ሽማግሌው አንዱንም ሳይዘሉ፣ ስሙን እየደገሙ «አመሰግናለሁ» አሉ።