በጎሮ ሜዳ የሰማነው ሞተር

ጠበል ቦታ የሚጮኽ ሰው ሳይ እንኳ «ይሄ ምሳ አልበላም» ብዬ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ወይም በተፈጥሮዬ ሰው ስለምንቅ ይሆናል፣ ብቻ ስለ መንፈስና ስለ ቆሌ የሚያወራ ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ ወንበር እቀይራለሁ። አሁን ያንኑ ወሬ ራሴ ላወራ ነው፣ እንግዲህ ወንበር መቀየር የፈለገ ይቀይር፣ አልቀየምም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት፣ እሁድ መኪና እንደ ልብ በማይነዳበት ዘመን፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። አብረውኝ የነበሩት ሰዎች ምስክር ናቸው እንዳልል አንዳቸውንም አልወዳቸውም ነበር፣ ግን ያዩትን አይተዋል።

መጀመሪያ ጋሽ ወርቁን ላስተዋውቃችሁ። በንጉሡ ጊዜ ከቦሌ መንገድ ጀርባ በነበረ የአፈር ሜዳ ላይ የሞተር ብስክሌት ውድድር ያዘጋጁ የነበሩ ሰውዬ ናቸው፣ ሥራቸው ሣጥን ላይ ቆሞ ባንዲራ ማውለብለብ ነበር፣ ሲያወሩት ግን አገር ያስተዳደሩ ይመስላል። ውድድሩን ላላያችሁት፣ ፍሬን የሌላቸው ሞተሮች ሞላላውን ሜዳ ወደ ግራ ይዞራሉ፣ መታጠፊያው ላይ የኋላ ጎማቸው ይንሸራተታል፣ ነጂዎቹ ግራ ጫማቸው ሥር ብረት አስረው መሬቱን እየፋቁ አቧራውን ተመልካቹ ላይ ይደፉታል፣ ያ ከረባት አስሮ የመጣ ተመልካችም አቧራውን እየቃመ ያጨበጭባል። ተነሥተው ወደተነሡበት ለመመለስ ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው፣ እል ነበር እኔ።

ሸዋንግዛው ከነጂዎቹ አንዱ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ውድድሩ የአድኃሪያን ጨዋታ ነው ተብሎ ቀረ፣ ሜዳው ላይም ቤት ተሠራበት፣ ሸዋንግዛውም ብስክሌቱን ፈታትቶ ሞተሩን ላምበረት በኩል የእህል ወፍጮ አደረገው። በሕይወቱ የሠራው ጠቃሚ ነገር እሱ ብቻ ይመስለኛል፣ ግን እህል ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ድሮ ውድድር ሳያወራ አይፈጭም ነበር፣ ሴቶቹ ዱቄታቸውን ለመውሰድ ሲሉ ብቻ «ወይ ጉድ» እያሉ ያዳምጡታል።

ከሸዋንግዛው ጋር ሁልጊዜ ትከሻ ለትከሻ የሚፎካከረው ወንድሜ ዳኘው ነበር። ዳኘውን በዚያ ክፉ ጊዜ አንድ ጠዋት ከቤት ወሰዱት፣ «ለጥያቄ ይፈለጋል» ነው ያሉት፣ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ሞቷል ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። እናቴ አለ ብላ ቆረጠች፣ የሚነዳውን ሞተር ብስክሌት ጓዳ አስገብታ በአቡጀዲ ሸፈነችው። እኔ ሞቷል ብዬ ቆርጫለሁ፣ ግን ለእሷ ትንፍሽ አላልኩም። እነዚያ የሜዳ ጓደኞቹ ደግሞ እግራቸው ቤታችንን ረሳ፣ መንገድ ላይ ሲያዩኝ እንኳ ሰዓታቸውን እያዩ ነበር የሚያልፉኝ።

እና አንድ ቅዳሜ ጋሽ ወርቁና ሸዋንግዛው በራችንን አንኳኩ፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ እንደ ሽማግሌ ተደርድረው።

«ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ አዲስ ሜዳ ልናገኝ ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ ለእናቴ፣ «ጎሮ በኩል። ለአብዮቱ በዓል ትርዒት እናሳያለን፣ ከዚያ በኋላ ውድድሩ ይቀጥላል። ደረጃ ያለው መቀመጫ ሁሉ ይሠራል ተብሏል።»

«እሰየው። እኔ ታዲያ ምን ላድርግላችሁ?»

«የዳኘውን ሞተር ቢሰጡን ብለን ነው። በዚህ ከተማ በደኅና የቀረ ሞተር እሱ ብቻ ነው።»

«ሞተሩን ስትፈልጉ ቤታችን ትዝ አላችሁ?» አልኩ እኔ።

ሸዋንግዛው አቀረቀረ፣ ጋሽ ወርቁ አሳላቸው። እናቴ ግን አልተቆጣችም፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች።

«ጽጌ፣ ነገ አብረሻቸው ሂጂና እዪው። የእውነት ሜዳ ከሆነ ይውሰዱት፣ ዳኘው ሲመጣ የሚነዳበት ያገኛል ማለት ነው። ወሬ ከሆነ ግን እንዳይነኩት።»

እንግዲህ እኔ የሄድኩት ወሬ መሆኑን አይቼ ልመለስ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ያንን ለመናገር ቸኩዬ ነበር።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ አንድ ካድሬ በላንድሮቨር ወሰደን፣ ስሙ ይቅር፣ «ጓድ» ነበር የምንለው፣ የስፖርት ጉዳይ ተሰጥቶት ነው እንጂ ኳስ እንኳ በእጅ ይሁን በእግር እንደሚጫወቱት የሚያውቅ አይመስልም። እሁድ መንዳት የሚችል መኪና ስለነበረው መንገዱን ሙሉ ጡሩምባ ይነፋ ነበር፣ ባዶ መንገድ ላይ። ጎሮ ያኔ እንደዛሬው ፎቅ የተደረደረበት ሰፈር አልነበረም፣ የሽምብራ ማሳና ባሕር ዛፍ ነበር፣ መንገዱም አልቆ በሣር ላይ ትንሽ ነዳንና አንድ ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ደረስን። አንድ የሾላ ዛፍ፣ በየችካሉ የታሰሩ ላሞች፣ ሌላ ምንም የለም። ከብት እንጂ ጎማ ረግጦት የማያውቅ መሬት ነው፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ የድሮው ሜዳ ቢሆን ኖሮ እኔም «ትዝታ ነው፣ ጆሯችን ነው» እል ነበር።

«እዚህ ጋ የክብር እንግዶች» አለ ጓድ እጁን ዘርግቶ፣ «እዚያ ሰፊው ሕዝብ። ስፖርት ለምርት ነው።»

«መነሻው ሾላው ሥር ይሁን» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ በከዘራቸው ሣሩን እየጫሩ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ምራቄን ልተፋ ምንም አልቀረኝ፣ እመኑኝ፣ ሰው የጠፋበትን ቤት ደጅ ሳይረግጡ ኖረው ለሣር ያለቅሳሉ።

ያን ጊዜ ነው ንብ የመሰለ ድምፅ የሰማሁት። ከሩቅ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ። አውሮፕላን ማረፊያው ሩቅ ስላልሆነ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፣ ምንም የለም። ሌሎቹም ቀና አሉ፣ ስለዚህ እኔ ብቻ አልነበርኩም የሰማሁት። ከዚያ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ የጉሎ ዘይት፣ እነዳኘው ሞተራቸው ውስጥ የሚጨምሩት እሱን ነበር፣ ሌላ የሚጠቀምበት ሰው አላውቅም፣ ወንድሜ እሁድ ማታ ወደ ቤት ሲገባ ፀጉሩ ሳይቀር እሱን ይሸት ነበር። ሽታ ደግሞ ሙያዬ ነው፣ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ዞር ዞር አልኩ፣ ላንድሮቨሩ ቆሟል፣ እሳት የለም፣ ጎጆ የለም።

«የማን ሞተር ነው?» አለ ጓድ። «እሁድ ለመንዳት ፈቃድ አለው?»

ይህን ሲል ድምፁ ሜዳው ውስጥ ነው። ልክ ከፊታችን አለፈ፣ ወደ ሾላው ሄደ፣ ታጠፈ፣ በወዲያኛው በኩል ተመለሰ። የሚታይ ነገር የለም፣ ሣሩ እንኳ አይተኛም። ብቻ ላሞቹን አየሁ። ድምፁ አጠገባቸው ሲደርስ አንዷ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለችው፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ሁሉም ማመስኳቱን ትተው ዓይናቸው የሚያልፈውን ነገር ይከተላል፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ዙሪያውን፣ ደግሞ እንደገና። እኔና እናንተ ልንሳሳት እንችላለን፣ ላም ስለ ድሮ ውድድር ምን ትዝታ አላት?

ሁለት ሞተሮች እንደሆኑ የለየሁት ሲደጋግሙ ነው። የፊተኛው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቤንዚኑን ጥርቅም፣ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋና ይለቀዋል፣ እንደሚያስል ሰው። ሌላ ነጂ እንደዚያ ሲያደርግ አልሰማሁም፣ ጓደኞቹ «ዳኘው ጉሮሮውን ጠረገ» እያሉ ይስቁበት ነበር። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዳኘው ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ከዘራቸው ወድቋል። «እግዚኦ። ሞቷል ማለት ነው። ነፍሱ ናት።»

እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ሞቷል ስል የኖርኩት ሴት፣ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ልመታቸው ነበር፣ ግን መነሣት አቃተኝ። ሸዋንግዛውን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ሰውነቱ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፣ ግራ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ መሬቱን ይጭራል፣ የሚያደርገውን የሚያውቅ አይመስልም።

«ሁለተኛው እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?» አልኩት።

«ከውጭ በኩል ያለው። የእኔ ሞተር ነው፣ ያ የሚያፏጨው። ጽጌ፣ ሞተሬ ወፍጮ ቤት ነው፣ ትናንት ስፈጭበት ነው የዋልኩት። ግን እኔ ነኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልቀድመው ነው» አለ።

ሁለቱም ድምፆች እየከረሩ ሾላው ጋ ደረሱ፣ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው አፏጨ፣ እና መታጠፊያው መሐል ላይ ቀጥ አሉ። ግጭት የለም፣ መውደቅ የለም፣ በሩቅ እየደከመ የሚሄድ ነገር የለም፣ ሬዲዮ እንደዘጉበት ሆነ። ከሾላው ሥር ትንሽ አቧራ ተነሣና ነፋስ በሌለበት ቆሞ ቆየ። ላሞቹ ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ።

«ማን ቀደመ?» አሉ ጋሽ ወርቁ። በዚያ ሰዓት እንኳ ይህን ጠየቁ፣ ንቀቴ ያን ጊዜም አልጠፋም፣ ትዝ ይለኛል።

«አልጨረስንም» አለ ሸዋንግዛው።

ጓድ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘግቶ ነበር። ስንመለስ ጡሩምባ አልነፋም፣ ቦሌ መንገድ ላይ አውርዶን «ያየነው ነገር ለሕዝብ አይጠቅምም» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረ ሲባል ሰማን፣ የሜዳውም ነገር አብሮት ተዛወረ፣ ደረጃ ያለው መቀመጫ ቀርቶ አንድ ችካል የተከለ የለም፣ የዳኘውንም ሞተር ከጓዳ ያወጣው የለም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ሜዳ ነው ወይስ ወሬ?» አለችኝ።

«ሜዳ ነው» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

«ይስማማዋል?»

«ይስማማዋል።»

ፈገግ አለች፣ ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ሸዋንግዛው ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እሁድ እሁድ ቤታችን መምጣት ጀመረ፣ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ስለ ውድድር አንድም ቃል አያነሣም። እኔም ሻይ እቀዳለት ጀመር። ለብቻችን ስንሆን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሣነው።

«የሙታን ድምፅ ነው እንዳንል አንተ በሕይወት አጠገባችን ቆመህ ነበር» አልኩት።

«እሱን ነው እኔም የማስበው» አለ። «የሙታን ከሆነ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ? ገና የሚመጣ ነገር ከሆነ ደግሞ፣ ዳኘው አለ ማለት ነው።»

«አንተ የትኛው ይመስልሃል?»

«ማታ ማታ የመጀመሪያው ይመስለኛል፣ ሲነጋ ሁለተኛው።»

እናቴ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው አረፈች። በተዝካሯ ዕለት የንስሐ አባቷ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ብለው «የቤቱን ሙታን ስም ንገሪኝ፣ አብረን እናስባቸው» አሉኝ። የአባቴን ነገርኳቸው፣ የእናቴን፣ የአክስቴን።

«ሌላስ?» አሉ።

የዳኘው የክርስትና ስም ምላሴ ላይ ነበር። ቀና ስል ሸዋንግዛው ከማዶ ብርሌውን ይዞ፣ ሳይጠጣ፣ ትክ ብሎ ያየኛል። በቀስታ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«ሌላ የለም፣ አባ» አልኳቸው።

ማዕዱን ባርከው ጸሎቱን ጀመሩ። ዳኘው በሕይወት ካለ ከሙታን መሐል እንዳይጠራ አድርጌዋለሁ፣ ከሞተ ደግሞ ጸሎት የነፈግሁት እኔ እኅቱ ነኝ፣ የትኛውን እንዳደረግሁ ዛሬም አላውቅም።