የነቁት ዝንቦች

ፕሮፌሰሯ የተገኘችው በሩ ሥር ተኮራምታ ነው። ጥፍሮቿ ተሰባብረዋል። መስኮት የሌለው ጠባቡ ክፍል ዙሪያውን የፍራፍሬ ዝንብ በያዙ ብልቃጦች ተሞልቷል። ኮሪደሩ ላይ ካለው ሲሊንደር በቱቦ የሚመጣው የዝንብ ማስተኛ ጋዝ ተለቆ አፍኗታል። የበሩ የውስጥ እጀታ ከተሰበረ ስለቆየ፣ የሚገባ ሰው ሁሉ በሩን በበርጩማ ያስደግፍ ነበር። ያን ቀን ግን በርጩማው ውጭ ነበር።

እጀታውን ዛሬ ነገ እያለ ሳይጠግን የቀረው ታናሽ ወንድሟ፣ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን፣ ለጠየቀው ሁሉ «እኔ ነኝ የገደልኳት» ይላል። ፖሊሶቹም ሊወስዱት ተነስተዋል፤ ጥፋቴን ልንገራችሁ የሚል ተጠርጣሪ በየቀኑ አይገኝም።

መርማሪው ግን ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» የሚል ቅጽል ያወጡለት ሰው ነው። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ሲያይ ዋለ። ከዚያ ወንድምየውን፣ አስከሬኑን ያገኘውን ምክትሏንና ተማሪዋን እዚያው ክፍል ሰብስቦ በሩን ዘጋው።

«ውጭ ፖሊስ አለ፤ እኔ ስጠራው ይከፍትልናል» አለ። ምክትሉ ክራቫቱን አላላ።

«ልጄ፣ እዚህ ምን እንደምትሠሩ እስቲ አስረጂኝ። ምንም አላውቅም» አላት መርማሪው ተማሪዋን።

«ራሳቸውን እያባዙ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ጂኖች አሉ» አለች ተማሪዋ። «የገቡበትን ያበላሻሉ። እናትየዋ ዘላዩን ካወቀችው እንቁላሏ ውስጥ ዘበኛ ታስቀምጣለች፤ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ናቸው። አባት ብቻ ይዞት ከመጣ ግን ዘበኛ የለም፤ ልጆቹ መካን ይሆናሉ።»

«ሁልጊዜ?»

«ዶክተር» አለች ምክትሉን እያየች፣ «ያለ ዘበኛም የሚወልዱ አግኝቻለሁ ብለዋል። ፕሮፌሰር ሙከራውን እየደገሙት ነበር።»

«ደግማም አረጋግጣዋለች» አለ ምክትሉ። «ብልቃጦቿ ያውና ጠረጴዛው ላይ፤ ከእንቁላላቸው የተፈለፈለ ትል ይርመሰመስባቸዋል።»

«ዝንቦቹም ይራመዳሉ» አለ መርማሪው። «መደርደሪያው ላይ ያሉት ግን ምግባቸው ላይ ተጣብቀው ሞተዋል። ለምን?»

ወንድምየው ቀና አለ። «ጋዝ ሲመታቸው ይወድቃሉ። ብልቃጡ ከቆመ ምግቡ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ለዚህ ነው ስናስተኛቸው የምናጋድመው። የጥጡ ክዳን እንደሆነ ጋዝ አያግድም።» ወደ ጠረጴዛው ዞረ። «እነዚህም ቆመዋል እኮ!»

«አዎ። ስለዚህ ጋዙ ሲለቀቅ እዚህ አልነበሩም። የሷን መካን ዝንቦች አንስቶ እነዚህን የተካ ሰው አለ።» ወደ ተማሪዋ ዞረ። «ዶክተር ሲጮሁ ሮጠሽ ስትገቢ አፈነሽ?»

«ኧረ ምንም አልተሰማኝም።»

«እርስዎ ደግሞ በሩን እንደከፈትኩ ጮህኩ ብለውኛል፤ ክፍሉ ግን ቀድሞ ተናፍሶ ነበር፤ ብልቃጦቹን ሊቀይሩ ቀድመው ከፍተውታል። እነዚህ ትሎች የሚያድኑት የእርስዎን ግኝት ብቻ ነው።»

ምክትሉ ወደ በሩ ተፈናጠረ። የሚጨብጠው ነገር አልነበረም። በመዳፉ ደበደበው፣ ደጋግሞ ደበደበው፤ ከውጭ ማንም አልከፈተም።

«ነገ ልታጋልጠኝ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ። «ስሜ ሊጠፋ ነበር።»

ወንድምየው ተጠጋው።

«እሷ ስታንኳኳ ውጭ ቆመህ ሰምተሃታል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አለች?»

ምክትሉ ፊቱን አላዞረም። «አንተን ነበር የምትጠራው» አለ። «ወንድሜ ይመጣል፣ ይከፍትልኛል ትል ነበር።»